ሕግ እንደ መምህር፦ የስዊድን ምክር ቤት የልጆችን ግርፋት ያስቀረበት መንገድ

አንድ ምክር ቤት ጐጂ ነው ብሎ ያመነበትን ድርጊት ለማስቀረት ሲነሣ በእጁ የሚገኙት መሣሪያዎች ሁለት ናቸው፤ እነርሱም ሕግና ክርክር ናቸው። ሕጉ ታትሞ ስለሚወጣ ሁሉም ያየዋል። ክርክሩ ግን በቃለ ጉባኤ መዝገብ ውስጥ ስለሚቀር አብዛኛውን ጊዜ ይዘነጋል። ይሁንና ድርጊቱ በሌባ ወይም በወንበዴ እጅ ሳይሆን በደጋግ ሰዎች እጅ፣ በመልካም አሳብና በፍቅር ስም የሚፈጸም ሲሆን ክርክሩ ከሕጉ ያላነሰ ሥራ ይሠራል። ልጅን በዱላ፣ በአለንጋ ወይም በጥፊ መቅጣት ከዚህ ዓይነቱ ድርጊት የሚመደብ ነው። የሚገርፈው አባት ልጁን እየጎዳ መሆኑን አያምንም፤ እንዲያውም ባይገርፈው በደል የፈጸመበት ይመስለዋል።

የሕግ አውጪው ችግር የሚጀምረውም ከዚሁ ላይ ነው። ገራፊውን ወላጅ ወደ ወህኒ ቤት ቢልከው ልጁ አሳዳጊውን ያጣል፤ ቤተሰቡም ይበተናል። ምንም ሳይናገር ቢያልፈው ደግሞ ዝምታው እንደ ፈቃድ ይቈጠራል። ከዚህ አጣብቂኝ መውጫ ለማግኘት ከሞከሩት አገሮች መካከል ቀዳሚዋ ስዊድን ናት። የስዊድን ምክር ቤት በ1979 ባወጣው ሕግ የአካል ቅጣት በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን በገዛ ቤትም ጭምር እንዲከለከል በማድረግ ከዓለም የመጀመሪያው ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ጉዳዩ ሁለት እጥፍ የሚጠቅም ነው። በአንድ በኩል የስዊድን ጉዞ የተጀመረው ከትምህርት ቤት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሕጉ ከወጣ በኋላ የተሠራው ሥራ በባሕርዩ የፖሊስ ሥራ ሳይሆን የማስተማር ሥራ ነበር።

ፈቃዱን ደረጃ በደረጃ ማንሣት

በቀድሞው የስዊድን ልማድና ሕግ የቤቱ ጌታ ሚስቱንም፣ አሽከሮቹንም፣ ልጆቹንም የመምታት ሥልጣን ነበረው። ይህ ሥልጣን በአንድ ቀን አልተነሣም። ባል ሚስቱን የመቅጣት መብቱን ያጣው በ1864 በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። ጌታ አሽከሩን የመምታት መብቱ በየጊዜው ሲጠብብ ቆይቶ በ1920 ፈጽሞ ቀረ። በመጨረሻ ከዱላ በታች ሆነው የቀሩት ልጆች ብቻ ነበሩ። ይህ ቅደም ተከተል ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ራሱን ለመከላከልና አቤት ለማለት አቅም የነበረው ሁሉ ቀድሞ ነፃ ሲወጣ፣ አቅም የሌለው ወደ ኋላ ቀርቷል።

በትምህርት ቤትም የታየው ከዚህ የተለየ አልነበረም። የአካል ቅጣት በ1928 የተከለከለው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው። በሕዝብ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን ክልከላው የጸናው ከ1958 መጀመሪያ አንሥቶ ነው። እንግዲህ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ጐረምሳው ተማሪ ሳይመታ የሰባት ዓመቱ ሕፃን ይመታ ነበር ማለት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዚያን ጊዜ በአብዛኛው የባለጸጎች ልጆች መሆናቸው ሲታሰብ ነገሩ የዕድሜ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ይሆናል።

በቤት ውስጥ የሚፈጸመውን ቅጣት በተመለከተ ምክር ቤቱ የሄደው በጣም በዝግታ ነው። በ1949 የወጣው የወላጆችና የሞግዚቶች ሕግ፣ ቀድሞ «መቅጣት» ይል የነበረውን ቃል «መገሠጽ» በሚል ለወጠው። የቃል ለውጥ ብቻ ቢመስልም በሕግ ቋንቋ የቃል ለውጥ ቀላል ነገር አይደለም። በ1957 ደግሞ ወላጅ ልጁን ሲቀጣ ቀላል ጉዳት ቢያደርስበት ከወንጀል ነፃ ያደርገው የነበረው አንቀጽ ከወንጀለኛ መቅጫው ሕግ ተሰረዘ። በ1966 ከወላጆች ሕግ ውስጥ የተረፈው የመገሠጽ ሥልጣን ጭምር ወጣ። ከዚህ በኋላ ወላጅ ልጁን እንዲመታ የሚፈቅድ አንድም የሕግ ቃል አልነበረም፤ ድብደባም በማንም ላይ ቢፈጸም ወንጀል ሆነ።

ነገር ግን የሚከለክል ቃልም አልነበረም። ሕግ ዐዋቂው ፈቃዱ መነሣቱን ይረዳል። ሕግ የማያነበው ወላጅ ግን ከተሰረዘ አንቀጽ ምንም ሊማር አይችልም፤ ያልተጻፈን ነገር ማን ያነበዋል? እንኳን ወላጆች ዳኞችም ነገሩ ግልጽ እንዳልሆነላቸው በ1975 ታየ። የሦስት ዓመት ልጁን በመደብደብ የተከሰሰ አንድ አባት፣ ልጁን ለመቅጣት ካለው መብት ማለፉ አልተረጋገጠም ተብሎ በነፃ ተለቀቀ። መብቱ ከሕግ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር። ፍርዱ ብዙ ሰው አስቈጣ፤ ዝም ብሎ ፈቃድን ማንሣት መከልከል አለመሆኑንም ለምክር ቤቱ አሳየው።

ይህ ነጥብ ትምህርት ቤትን ለሚያስተዳድር ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ከመተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አንድ መስመር በጸጥታ ሲወጣ መምህራኑ እንደ ቀድሞው መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ልማድ የሚለወጠው አዲሱ ነገር በግልጽ ሲነገር ነው።

ከኮሚሽን እስከ ድምፅ መስጫ

በ1977 የስዊድን መንግሥት የልጆችን መብት የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመ። በስዊድን አሠራር ከበድ ያለ ሕግ በሚኒስቴር ቢሮ ተረቅቆ በቀጥታ ወደ ምክር ቤት አይሄድም። በመጀመሪያ ባለሙያዎችና ፖለቲከኞች የሚገኙበት ኮሚሽን ጉዳዩን ያጠናል። ጥናቱ ከታተመ በኋላ ለፍርድ ቤቶች፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ለማኅበራት ይላካል፤ እነርሱም አስተያየታቸውን በጽሑፍ ይመልሳሉ። መንግሥት ረቂቁን የሚያዘጋጀው አስተያየቶቹን ካየ በኋላ ነው። ረቂቁ ምክር ቤት ሲደርስም በመጀመሪያ የሚመረምረው ኮሚቴ ነው፤ ወደ ሙሉ ጉባኤ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው።

አሠራሩ አዝጋሚ ነው፤ አንዳንዱ ሰው አሰልቺም ሊለው ይችላል። ጥቅሙ ግን ተቃዋሚው ወገን ክርክሩን የሚያቀርበው በመጨረሻው ቀን በአዳራሹ ውስጥ ሳይሆን ገና ረቂቁ ሳይጻፍ መሆኑ ነው። ስለዚህም ረቂቁ ጉባኤ ፊት በሚቀርብበት ጊዜ ለዋና ዋናዎቹ ተቃውሞዎች መልስ ይዞ ይቀርባል።

የአካል ቅጣትን የሚመለከተው የኮሚሽኑ የመጀመሪያ ጥናት የወጣው በ1978 ነው። ጉዳዩ ምክር ቤት በደረሰ ጊዜ አገሪቱን ያስተዳድር የነበረው የኡላ ኡልስተን የሊበራሎች መንግሥት ነበር። ይህ መንግሥት በሪክስዳግ፣ ማለት በስዊድን ምክር ቤት፣ ከ349 መቀመጫዎች የያዘው 39 ብቻ ስለ ነበር የሌሎቹን ፓርቲዎች ድጋፍ ሳያገኝ አንድም ሕግ ለማሳለፍ አይችልም ነበር። በመጋቢት ወር 1979 ድምፅ ሲሰጥ 259 አባላት ደገፉ፤ 6 ተቃወሙ፤ 3 ድምፀ ተዐቅቦ አደረጉ። ከግራ እስከ ቀኝ ያሉት ፓርቲዎች ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ተስማሙ ማለት ነው። ሕጉ ከሐምሌ 1 ቀን 1979 ጀምሮ ጸና።

በክርክሩ የተነሡት አሳቦች

ተቃዋሚዎቹ በቍጥር ጥቂት ቢሆኑም ያነሡት አሳብ ቀላል አልነበረም፤ ዛሬም በሌሎች አገሮች ምክር ቤቶች የሚሰማው ያው ነው። ልጁን በቅንነት ለማሳደግ የሚደክመው ወላጅ ነገ ወንጀለኛ ተብሎ ሊሰየም ነው የሚለው አንዱ ነው። ከሃይማኖት በኩል ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ የታዘዘውን ተግሣጽ መንግሥት ሊከለክል አይገባውም የሚል ተቃውሞ ነበር። ከሁለቱም በስተ ጀርባ ያለው ጥያቄ መንግሥት የሰው ቤት ደጃፍ ሲደርስ የት ላይ ይቁም የሚል ነው።

ለመጨረሻው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ለሕግ ተማሪዎች ብቻ ሳይሆን ለማንም ሰው ግልጽ የሚሆን ነው። አንድ ሰው ጐረቤቱን በጥፊ ቢመታው ሕግ ይይዘዋል። ጐልማሳው ሰው የሚያገኘውን ጥበቃ ደካማው ሕፃን የሚነፈግበት ምክንያት ምንድን ነው? ደግሞም መንግሥት ወደ ቤት መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ባል ሚስቱን እንዳይመታ በከለከለ ጊዜ ገብቷል፤ ልጅ ትምህርት ቤት እንዲላክ ባስገደደ ጊዜም ገብቷል።

ከሁሉ ይልቅ ክብደት ያገኘው ግን ከወግ አጥባቂው ወገን የመጣው ድጋፍ ነው። ቤተሰብን ከመንግሥት ጣልቃ ገብነት እጠብቃለሁ ከሚለው ፓርቲ የተነሣ አንድ አባል፣ በነፃ ዴሞክራሲ ውስጥ ሰዎች የሚከራከሩት በቃል እንጂ በዱላ እንዳልሆነ፣ ልጅንም በቃል ማሳመን ያልቻለ ሰው በመምታት እንደማያሳምነው ለጉባኤው አስረዳ። ይህ ንግግር ጉዳዩን ከቤተሰብ ሥልጣን ጥያቄ አውጥቶ ወደ አገሪቱ የአስተዳደር ሥርዓት አመጣው። ምክር ቤት ራሱ በቃል ለመከራከር የተቋቋመ ቤት ነውና አባላቱ ሊቃወሙት የሚከብዳቸው ክርክር ነበር።

ቅጣት የሌለው ሕግ

በወላጆች ሕግ ውስጥ የገባው አዲሱ አንቀጽ እጅግ አጭር ነው። ልጅ በአካሉ ሊቀጣ ወይም የሚጎዳውና የሚያዋርደው ሌላ አያያዝ ሊደርስበት እንደማይገባ ይደነግጋል። በ1983 ሲሻሻል ከክልከላው በፊት የልጁ መብት እንዲቀድም ተደረገ፤ ልጅ እንክብካቤ፣ ደኅንነትና መልካም አስተዳደግ የማግኘት፣ ሰውነቱና የግል ባሕርዩም የመከበር መብት እንዳለው ተጻፈ።

በዚህ አንቀጽ ውስጥ መቀጮ የለም፤ እስራትም የለም። አንቀጹ የተቀመጠውም በወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሳይሆን በቤተሰብ ሕግ ውስጥ ነው። እርግጥ ነው፤ ድብደባን የሚቀጣው የወንጀል ሕግ ለወላጅም ለባዕድም እኩል ይሠራል፤ ልጁን ክፉኛ የጎዳ ወላጅ በእርሱ መሠረት ይከሰሳል። አዲሱ አንቀጽ ለዚህ የጨመረው ነገር ቢኖር «ልጄን የመቅጣት መብት አለኝ» የሚለውን መከላከያ ጨርሶ መዝጋቱ ነው። ከዚያ በታች ያለው፣ ማለት ቁጣ የወለደው አንድ ጥፊ ወይም ኩርኩም፣ ለፍርድ ቤት አይበቃም። ለዚያ የታሰበው ሌላ ነው፤ ሕጉ የሕዝቡን አስተያየት እንዲለውጥ፣ ለወላጆችና ከልጆች ጋር ለሚሠሩ ባለሙያዎች ግልጽ መመሪያ እንዲሆን፣ ችግር ያለበት ቤተሰብም ጉዳት ከመድረሱ በፊት ታውቆ እንዲረዳ ነበር የተፈለገው።

ጥርስ የሌለው ሕግ ነው ብሎ ማቃለል ቀላል ነው። ብዙ አገሮች ከባድ ቅጣት የጻፉባቸው ሕጎች ማንም ሳይጠቅሳቸው መቅረታቸው ሲታይ ግን አቃላዩ ያመዛዘነ አይመስልም። ቅጣቱ ከልክ በላይ የከበደ እንደ ሆነ ጐረቤት አይመሰክርም፤ መምህር አይጠቁምም፤ ዳኛም ለመፍረድ ያመነታል። ቀለል ያለው ሕግ ግን ሰው እንዲናገር ያደፋፍራል፤ የሚናገረው ሰው ቤተሰቡን እንደማያፈርስ ያውቃልና።

ሕጉን ለማሳወቅ የተሠራው ሥራ የዚህ ታሪክ ዋና ክፍል ነው። የፍትሕ ሚኒስቴር ልጅን ያለ ግርፋት ማሳደግ ይቻል እንደ ሆነ የሚጠይቅና የሚመልስ አሥራ ስድስት ገጽ ያለው ጽሑፍ አዘጋጅቶ ሕፃናት ላሉበት ቤት ሁሉ አደለ። ጽሑፉ ከውጭ አገር ለመጡ ነዋሪዎች እንዲደርስ ወደ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች ተተረጐመ። ከዚህም ሌላ ለሁለት ወር ያህል ስለ አዲሱ ሕግ የሚያስረዳ ቃል በወተት ካርቶኖች ላይ ታተመ። ይህ ምርጫ በጣም የታሰበበት ነው። ወተት በስዊድን የማይገባበት ቤት የለም ማለት ይቻላል፤ ካርቶኑ ጧት ጧት ገበታ ላይ ሲቀመጥ ወላጁም ልጁም እኩል ያነቡታል፤ ባያነጋግራቸው እንኳ ያው ቃል በሁለቱም ፊት ነው። ልጁ መብቱን ከወላጁ ፊት ሆኖ አነበበ፤ ወላጁም ልጁ ማንበቡን አየ። ከማንኛውም የጋዜጣ ማስታወቂያ ይልቅ ይህ የቁርስ ገበታ ንባብ ሳይሠራ አይቀርም። ሕጉ ከወጣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከመቶ ሰዎች ከዘጠና የሚበልጡት መኖሩን ያውቁ እንደ ነበር በጥናት ተረጋግጧል።

ሕጉ የተደገፈው በወረቀት ብቻ አልነበረም። ከ1974 ጀምሮ አባትም እናትም ከሥራ ገበታቸው ተለይተው ሕፃን ልጃቸውን የሚያሳድጉበት በኢንሹራንስ የሚከፈል የወላጅነት ፈቃድ ነበር፤ በእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያዎችም ወላጆች ስለ ልጅ አስተዳደግ ምክር ያገኙ ነበር። «አትምታ» ተብሎ የታዘዘ ሰው «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ነበረው ማለት ነው።

ውጤቱና ያልተዘጋው ክርክር

በ1965 ከስዊድን ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው፣ ከመቶ 53 ያህሉ፣ የአካል ቅጣት ለልጅ አስተዳደግ ያስፈልጋል ብሎ ያምን ነበር። በ1981 ይህን የሚያምኑት ከመቶ 26 ያህል ሆኑ። በ1994 ደግሞ ወደ 11 ወረዱ። አኃዞቹ ብዙ ጊዜ ሕጉ ላስገኘው ውጤት ማስረጃ ሆነው ይቀርባሉ። ነገር ግን በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። የአስተያየቱ መውረድ የጀመረው ከ1979 በፊት ነው፤ እንዲያውም በ1971 ደጋፊዎቹ ከመቶ ወደ 35 ዝቅ ብለው ነበር። ስለሆነም ሕጉ ብቻውን ሕዝቡን ለወጠ ማለት አይቻልም። ምክር ቤቱ ሲለወጥ የነበረውን አስተያየት ተከትሎም፣ ቀድሞም ሄዷል፤ በ1949፣ በ1957ና በ1966 የተወሰዱት እርምጃዎች መንገዱን ጠርገዋል፤ የ1979ኙ ደግሞ ወደ ኋላ መመለሻውን ዘግቷል።

ሌላው ክርክር የተነሣው በፖሊስ መዝገብ ላይ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ በስዊድን በልጆች ላይ ተፈጸሙ የተባሉ ድብደባዎች አቤቱታ ቍጥር ጨምሯል። ሕጉን የሚነቅፉ ተመራማሪዎች ይህን ይዘው ክልከላው ድብደባን አልቀነሰም ይላሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ የጨመረው ድብደባው ሳይሆን የጠቋሚው ቍጥር ነው፤ ቀድሞ ማንም የማይጠቁመው ቀላል መምታት ዛሬ ይመዘገባል ሲሉ ይመልሳሉ። ሁለተኛው አተረጓጐም የተሻለ ይመስላል፤ የተደበቀ ነገር መናገር ሲፈቀድ በመዝገብ መብዛቱ የሚጠበቅ ነውና። በትምህርት ቤትም የአቤቱታ ሣጥን በተሰቀለ ማግሥት ጥፋት የበዛ ይመስላል።

ሕጉ በፍርድ መንገድም ተፈትኗል። የአንድ ፕሮቴስታንት ማኅበር አባላት የሆኑ ወላጆች በሃይማኖታቸው መሠረት ልጆቻቸውን የመቅጣት መብታቸው ተነካ ብለው ለአውሮፓ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን አቤት አሉ። ኮሚሽኑ በ1982 አቤቱታውን ሳይቀበለው ቀረ። ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ የስዊድን የወንጀል ሕግ በልጅ ላይ የሚፈጸምን ድብደባ የሚያየው በጐልማሳ ላይ ከሚፈጸመው ሳይለይ መሆኑ ነው፤ በ1979 በምክር ቤቱ የቀረበው መልስ በሌላ አዳራሽ ተደገመ።

በአንድ ድምፅ የተለየ ሕግ

የስዊድን መንገድ ብቸኛው እንዳልሆነ ለማየት በዚያው ዘመን በብሪታንያ የሆነውን መመልከት ይበቃል። በዚያ ጉዳዩ የተነሣው ከምክር ቤት ሳይሆን ከፍርድ ቤት ነው። ሁለት የስኮትላንድ እናቶች ልጆቻቸው በትምህርት ቤት በጠፍር እንዳይገረፉ ጠይቀው ዋስትና በማጣታቸው እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። ፍርድ ቤቱ በየካቲት ወር 1982 የወላጆቹ ጽኑ እምነት አለመከበሩን ፈረደ። ፍርዱ ግርፋትን አልከለከለም፤ ወላጁ የማይፈልግ እንደ ሆነ ብቻ ልጁ አይገረፍ የሚል ያህል ነው።

መንግሥቱም ይህን ይዞ በ1985 ያቀረበው ረቂቅ ለመምህራን እንግዳ ነበር፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ወላጁ የፈቀደለት ልጅ ይገረፋል፤ ወላጁ ያልፈቀደለት አይገረፍም። ሁለቱ አብረው አጥፍተው አንዱ ሲገረፍ ሌላው ቆሞ የሚያይበትን ክፍል የሚያስተዳድረው መምህር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ረቂቁ አይናገርም። የላይኛው ምክር ቤት፣ ማለት የመሳፍንቱ ምክር ቤት፣ ግርፋቱ ከነጭራሹ እንዲቀር አሻሽሎ መለሰው፤ መንግሥትም ረቂቁን ተወው። በዓመቱ በሌላ የትምህርት ረቂቅ ውስጥ የመሳፍንቱ ምክር ቤት ያንኑ ማሻሻያ እንደገና አስገባ። የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ሐምሌ 22 ቀን 1986 አባላቱ በፓርቲ ትእዛዝ ሳይገደዱ ድምፅ ሲሰጡ፣ 231 ለ230 ሆኖ ክልከላው በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። ሕጉ የጸናው ከነሐሴ ወር 1987 ጀምሮ በመንግሥት ገንዘብ በሚማሩ ተማሪዎች ላይ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የግል ትምህርት ቤቶች ክልከላው ለመድረስ እስከ 1999 ጠበቀ፤ በስኮትላንድ በ2000 ሕግ፣ በሰሜን አየርላንድ ደግሞ በ2003 ሆነ።

በአንድ ድምፅ ያለፈም ሕግ ሕግ ነው፤ በብሪታንያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሸንበቆው ዱላ በእርግጥ ቀርቷል። ልዩነቱ የታየው ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ነው። የስዊድን ምክር ቤት ጥያቄውን ጨርሶ ሲዘጋው የብሪታንያው በየጊዜው ሲከፍተው ኖረ። በቤት ውስጥ «ተገቢ ቅጣት» የሚለው መከላከያ ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የመጣ ሲሆን፣ በ2004 ጠበብ ቢልም አልተነሣም። ስኮትላንድ በ2020፣ ዌልስ በ2022 ሲያነሡት በእንግሊዝ እንደ ቆመ ነበር። ግማሹ ያልተስማማበት ሕግ በሥራ ላይ ይውላል፤ የሚያስተምረው ግን ያነሰ ነው። በለንደን ውስጠኛ ክፍል የነበረው የትምህርት ባለሥልጣን በመጀመሪያ ደረጃ በ1973፣ በቀሩት ትምህርት ቤቶች በ1981 ግርፋትን አስቀድሞ መከልከሉ ግን ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም፤ ከምክር ቤቱ በፊት የትምህርት አስተዳዳሪዎች ሠርተውታልና።

ጥያቄው በኢትዮጵያ ሕግ

የስዊድን ታሪክ ለኢትዮጵያ መምህር ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። የሕጎቹ አቀማመጥ ሲመረመር ግን ነገሩ የሚቀራረብ ሆኖ ይገኛል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ክልከላው የተጻፈው በሚኒስቴር ሰርኩላር ወይም በትምህርት ቤት ደንብ ሳይሆን በአገሪቱ የበላይ ሕግ ውስጥ ነው። ስዊድንም ሆነች ብሪታንያ ይህን ጉዳይ እዚህ ደረጃ ላይ ያደረሱት አልነበረም።

አንቀጹ የሚናገረው ግን ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ማሳደጊያ ተቋም ነው፤ ስለ ቤት አይናገርም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አሳዳሪው ለልጁ መልካም አስተዳደግ አስፈላጊ የሆነ የእርምት እርምጃ ሊወስድ እንደሚችል በአንቀጽ 258 ይፈቅዳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 በልጅ ላይ የሚፈጸም በደልን ከቀጣ በኋላ፣ ወላጅ ወይም ተመሳሳይ ኀላፊነት ያለው ሰው ለመልካም አስተዳደግ ብሎ ከሕግ ውጭ ያልሆነ የማረሚያ እርምጃ ቢወስድ እንደማያስቀጣ ይገልጻል። «የእርምት እርምጃ» ማለት ምክር ነው? ቁጣ ነው? አርጩሜ ነው? ሕጉ አይለይም። ስዊድን በ1949 «መቅጣት»ን በ«መገሠጽ» ለውጣ እስከ 1966 የቆየችበት ቦታ ይኸው ነው፤ የ1975ቱም ፍርድ የተሰጠው ከዚያ የተረፈው አሳብ ከዳኞች ልብ ባለመውጣቱ ነበር።

መምህሩ በዚህ መካከል የሚገኝ ሰው ነው። የቀድሞው የየኔታ ትምህርት ቤት ተማሪ ፊደል የቈጠረው ከአለንጋ ጋር ነው፤ «ሥጋው የእርስዎ፣ አጥንቱ የእኔ» እያለ ልጁን ለመምህር የሚያስረክብ ወላጅም በአገሩ አልጠፋም። እንዲህ ብሎ የሰጠው ወላጅ መምህሩ አልመታም ሲለው ሥራውን የተወ ይመስለዋል። ስልሳና ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል ሲቀመጥም ዱላው ከሥነ ሥርዓት መሣሪያነት አልፎ የመምህሩ ምርኵዝ ይሆናል። ለዕቅድ አውጪ ከዚህ የሚከተለው ሥራ ተራ ሥራ ነው፤ በመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ አንቀጽ 36 በስም ተጠቅሶ መሰጠቱን፣ ከዱላ ሌላ ክፍል የሚያዝበት ዘዴ በልምምድ ትምህርት መካተቱን፣ የወላጆች ጉባኤ በሚጠራበት ቀን ጉዳዩ ከመዋጮው አጀንዳ ጎን መቅረቡን መመልከት ነው። የወተት ካርቶን በማይገባበት ቤት የልጁ ደብተር ይገባል፤ በጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ለማተም የተገኘው ቦታ ለአንድ የሕግ አንቀጽ አይጠብም።